ኤግዚቢት የሌለው ሌብነት

ካሴትና ሲዲ ይወረሱ ነበር፤ ፋይል አይወረስም። የቅጂ መብትን ለማስከበር የተዘረጋው የመንግሥት መረብ ቴሌግራም ላይ ሲደርስ ለምን ባዶውን ይወጣል?

መገናኛ አካባቢ ካሉት የሞባይል መለዋወጫ ሱቆች አንዱ ነው፤ ከሁለት ደንበኛ በላይ አያስቆምም። ከመስታወቱ ጀርባ የስልክ ሽፋን፣ ቻርጀርና የጆሮ ማዳመጫ ተንጠልጥሏል። ጥጉ ላይ ፊደሎቹ የተፋቁ ኪቦርድ ያለው አሮጌ ኮምፒውተር ተቀምጧል። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ከስልኩ ሚሞሪ ካርድ አውጥቶ ያቀብላል። የድሮ ዘፈን፣ ጥቂት ጉራጊኛና ለሌሊት መንገድ እንቅልፍ የሚያባርር ነገር ይፈልጋል። ልጁ «የድሮ ምርጥ»፣ «ሰርግ»፣ «መንፈሳዊ»፣ «አዲስ የወጡ» የሚሉ ማኅደሮችን ከፋፍቶ ይመርጣል፤ ይቀዳል። አንድ ሙሉ የኪነት ዘመን በጥቂት ደቂቃ ካርዱ ላይ ሰፈረ። ሾፌሩ ሒሳቡን ከፍሎ ወደ መኪናው ሄደ።

ይህን ሥራ የሚሠሩ ወጣቶች ዘፈን እንሸጣለን አይሉም። የሚሸጡት ጊዜያቸውን፣ መብራታቸውንና ኮምፒውተራቸውን ነው፤ ደንበኛውም የሚከፍለው ለ«መጫኛ» ነው። ዘፈኑ በእነሱ ዓይን እንደ ምንጭ ውኃ ነው፤ የማንም ነው፣ ዋጋ ያለው ተሸክሞ ማምጣቱ ብቻ ነው። ሌባ ተብለው ሲጠሩ ከልባቸው ይገረማሉ። ከማን ኪስ ምን ወሰድን ብለው ይጠይቃሉ።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል እንጂ የኢትዮጵያ የቅጂ መብት አስከባሪዎች ለዓመታት ሲታገሉት የኖሩት ጥያቄ ነው። ግጥሙን የጻፈ፣ ዜማውን የደረሰ፣ ያቀናበረ፣ የዘፈነና ገንዘቡን ያፈሰሰ ሰው ከዚያች ካርድ ድርሻ አለው። ሕጉ ይህን በግልጽ ይናገራል። ድርሻው ባለቤቱ ጋ የሚደርስበት መንገድ ግን ገና ተሠርቶ አላለቀም።

ሕጉማ አለ

ሀገሪቱ ሕግ አላጣችም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰትና ኪነ ጥበብ ባለቤትነት ራሱን የቻለ ክፍል ነበረው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 የንብረትን ትርጉም ሲያሰፋ የማይጨበጠውንም የፈጠራ ውጤት አካተተ፤ በአንቀጽ 51 ደግሞ የድርሰት መብትን መጠበቅ የፌዴራል መንግሥት ሥራ አደረገው። በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 320 የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ፤ ዛሬ ባለሥልጣን ሆኗል። በማግስቱ ዓመት፣ በ1996፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ወጣ።

አዋጁ ለስላሳ አይደለም። የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። መብቱ የሚወለደው ሥራው ሲፈጠር ነው፤ ማስመዝገብ ግዴታ አይደለም። ባለሥልጣኑ የሚሰጠው የምዝገባ ወረቀት ግን ክርክር ሲነሳ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል። ሆን ብሎ መብት የጣሰ ከ5 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። በከባድ ቸልተኝነት የጣሰም ከ1 እስከ 5 ዓመት ይጠብቀዋል። በፍትሐ ብሔር ክስ ለሞራል ጉዳት የሚከፈለው ካሣ ከ100,000 ብር እንደማያንስ ተደንግጓል፤ በጊዜው ይህ ገንዘብ ብዙ ነበር።

ለአስከባሪው የተሰጡትን መሣሪያዎችም እንያቸው። ፍርድ ቤት ተከሳሹን ሳይሰማ እንኳ ብርበራ ማዘዝ፣ የተጠረጠረ ቅጂንና ማባዣ ማሽንን ማስያዝ ይችላል። ጉምሩክ በድንበር የሚያልፍ ዕቃ ያግዳል። ፖሊስ ሱቅ ገብቶ ኤግዚቢት ይዞ ይወጣል። ሁሉም በዘመናቸው ተገቢ መሣሪያዎች ነበሩ። ሁሉም ግን አንድ ነገር ያስፈልጋቸዋል፦ የሚያዝ ዕቃ።

▪ ሕጉ ብርበራን፣ መያዝንና መውረስን ያውቃል። ቴሌግራም ላይ ያለ ፋይል ደግሞ በር የለውም፤ ጆንያም ውስጥ አይገባም። ▪

ከሸክላ እስከ ሲዲ አዟሪ

ሕጉ ለምን እንዲህ እንደተጻፈ ለመረዳት የሙዚቃውን ገበያ ታሪክ ማየት ይጠቅማል። አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የግል ሸክላ አሳታሚ ድርጅት ሲያቋቁም ያሳሰበው ቀጂ አልነበረም። በሸክላ የማሳተም መብት በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ስለነበር ፈተናው ከሕግ በኩል ነው የመጣው። እሱ ግን ሸክላውን ሕንድ ሀገር እያሳተመ ማስገባት ጀመረ፤ መንገዱ ለሌሎችም ተከፈተ። መንግሥት በዚያ ዘመን የሚጠብቀው ማን እንዲያትም እንደተፈቀደለት ነበር። የዘፋኙና የደራሲው ድርሻ ገና የውይይት ርዕስ አልነበረም።

ሸክላ ማባዛት ፋብሪካ ይጠይቅ ስለነበር ቀጂ አልነበረውም። ካሴት ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። ሁለት መክተቻ ያለው ቴፕ ያለው ሁሉ ቀጂ ሆነ። ባዶ ካሴት ገዝቶ ሙዚቃ ቤት ሄዶ የወደዱትን ዘፈን መርጦ ማስቀዳት ነውር አልነበረም፤ ለፍቅረኛ የሚሰጥ ስጦታም ነበር። ቢሆንም ካሴት ቀስ ብሎ ነው የሚባዛው፤ ቅጂው ከቅጂ ሲቀዳም ድምፁ ይደክማል። አሳታሚው የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከተሻማ ወጪውን ይመልስ ነበር።

ሲዲ ይህንንም ፋታ ነጠቀ። ቅጂውና ዋናው በጆሮ አይለዩም። አልበም በወጣ ማግስት አዟሪው በካርቶን ደርድሮ በየመንገዱ ያዞረዋል፤ ከአሥር በላይ አልበም በአንድ ኤምፒስሪ ሲዲ አጭቆ ለአንዱ ከሚጠየቀው ባነሰ ዋጋ ይሸጠዋል። አዋጁ ከመውጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ የሙዚቃ ባለሙያዎች ነገሩ አንገፍግፏቸው አዲስ አልበም ላለማውጣት እስከ ማደም ደርሰው ነበር። አዋጅ 410 የዚህ ጩኸት ልጅ ነው። አዟሪ ላይ የደረሰው ጉዳት፣ በአደባባይ የተቃጠለው ቅጂ፣ ከፖሊስ ጋር የተደረገው አሰሳ ሁሉ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።

በዚያ ዘመን የነበሩ ነጋዴዎች ሲናገሩ አሰሳው ውጤት አልነበረውም አይሉም። አዟሪው ለጥቂት ሳምንት ይሰወራል፤ አልበሙ በዚያች ፋታ ይሸጣል። ቀጂውን ያከሰረው ግን አሰሳው አልነበረም። ስልክ ነው። ሲዲ ማጫወቻ ከየቤቱ ሲጠፋ አዟሪውም ጠፋ፤ ሕጋዊው ሙዚቃ ቤትም አብሮት ተዘጋ።

መጽሐፍ ፋይል የሚሆንበት ሌሊት

የመጽሐፉ ታሪክ ከሙዚቃው ዘግይቶ ተመሳሳይ መንገድ ሄዷል። ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ያሉ ኮፒ ቤቶች መማሪያ መጽሐፍ ሲያባዙ የኖሩ ቢሆንም ልብ ወለድ በፎቶ ኮፒ አንብቦ የሚረካ ሰው ጥቂት ነው። ቴሌግራም መጣና የኮፒ ቤቱን ወረፋ አስቀረው።

ሂደቱ እንዲህ ነው። አንድ ሰው ከመደብር አንድ ቅጂ ይገዛል። የጀርባውን ስፌት ቀድዶ ገጾቹን በስካነር ያሳልፋል፤ ስካነር ከሌለው በስልክ ካሜራ ገጽ በገጽ እያነሳ በመተግበሪያ ያስተካክላል። ምስሎቹ ተሰብስበው አንድ ፒዲኤፍ ይሆናሉ። ቻናሉ ላይ ይጫናል፤ ሌላ ቻናል ያስተላልፈዋል፤ ከዚያ ቆጣሪው ብቻ ነው የሚሮጠው። ደራሲው ወረቀት፣ ማተሚያ ቤትና አከፋፋይ ሲያሳድድ የከረመበት ሥራ በአንድ ሌሊት የሁሉም ይሆናል።

በዚህ መሐል አንድ አስቂኝ ነገር አለ። ፋይሉን ያዘጋጀው ቻናል የራሱን ስምና ሊንክ በየገጹ ግርጌ ያትማል፤ ሌላ ቻናል ያንን ምልክት ሲፍቅ ደግሞ ልፋቴን ሰረቁኝ ብሎ ይጮኻል። የደራሲውን መብት ያላየ ዓይን የራሱን ልፋት በግልጽ ያያል። የሰው ልፋት ክብር ይገባዋል የሚለው ስሜት በሁሉም ዘንድ እንዳለ ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም። የጎደለው ስሜቱ ወደ ደራሲው የሚዞርበት አሠራር ነው።

የቻናል ባለቤቶችም አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዳንዱ አባል አብዝቶ ማስታወቂያ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ሌላው ከገበያ የጠፉ፣ ደግመው የማይታተሙ መጻሕፍትን እየሰበሰበ ሀገር እያዳንሁ ነው ብሎ የሚያምን ተማሪ ነው። ሕጉ ሁለቱን በአንድ ዓይን ያያል። ደራሲያን ግን በወግ ሲነሳ ይለዩአቸዋል። ከ30 ዓመት በፊት ታትሞ ያለቀ መጽሐፍና ባለፈው ወር የተመረቀ መጽሐፍ በእነሱ ዘንድ አንድ ቁስል አይደለም።

ክሱ የት ይቀርባል?

መጽሐፉ ቻናል ላይ የወጣበት ደራሲ ምን ያደርጋል? መጀመሪያ ለቻናሉ ባለቤት ይጽፋል። ከባለቤቶቹ መካከል ይቅርታ ጠይቆ የሚያወርድ አለ። የማይመልስም አለ። ከዚያ ለራሱ ለቴሌግራም ያመለክታል፤ ቻናሉ ቢዘጋ በሰዓታት ውስጥ በሌላ ስም ይከፈታል፤ አባላቱም አስቀድሞ በተሰጣቸው መጠባበቂያ ሊንክ ይሸጋገራሉ። ፖሊስ ጋ ቢሄድ የመጀመሪያው ጥያቄ ተጠርጣሪው ማን ነው፣ የት ነው የሚል ይሆናል። የቻናል ስም የቤት ቁጥር የለውም።

ዩቲዩብ ላይ ነገሩ ትንሽ ይሻላል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2007 የጀመረው ኮንቴንት አይዲ የሚባል ሥርዓት የተመዘገበ ድምፅና ምስልን በራሱ እየፈለገ ያገኛል። ባለ መብቱ ቪዲዮው እንዲወርድ ወይም የማስታወቂያ ገቢው ወደ እሱ እንዲዞር መምረጥ ይችላል። በ90 ቀናት ውስጥ በአቤቱታ ሦስት ጊዜ «ስትራይክ የተመታ» ቻናል ይዘጋል። የሙዚቃ አሳታሚዎቻችን ከካሴት ወደዚህ ሥርዓት ተሻግረው የገቢያቸውን ዋና ምንጭ እዚያ አግኝተዋል።

የአቤቱታው ሥርዓት የቆመው ግን አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣችው የዲጂታል ቅጂ መብት ሕግ ላይ ነው። ተከሳሹ ሥራው የእኔ ነው ብሎ መቃወሚያ ቢያስገባ፣ አቤት ባዩ በአሜሪካ ፍርድ ቤት ክስ መመሥረቱን ካላሳየ ቪዲዮው ከ10 እስከ 14 የሥራ ቀናት ውስጥ ይመለሳል። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ካሊፎርኒያ የሚከስ ግጥም ጸሐፊ አይታሰብም። ተንኮለኛው ይህን ያውቃል። ዜማቸው የሕዝብ የሆኑ የቆዩ ዘፈኖች ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ ቀድሞ ያስመዘገበው ሰው የሌላውን ሁሉ ገቢ ወደ ራሱ ይጠመዝዛል። ማሽኑ የሚያውቀው ማን እንዳስመዘገበ ነው፤ ዜማው ከማን አያት እንደመጣ አይጠይቅም።

▪ ደራሲው አዲስ አበባ፣ ሰርቨሩ ባሕር ማዶ፣ ቀጂው ስም የለሽ። ▪

የውጭ ፊልም ለምን በአደባባይ ይሸጣል?

ብዙ ሰው የሚገረምበት ሌላ ነገር አለ። የአማርኛ አልበም ቀድቶ መሸጥ የሚያስፈራው ነጋዴ የሆሊውድ ወይም የሕንድ ፊልም ግን በፍላሽ ያለ ሥጋት ይጭናል። ምክንያቱ ድፍረት ብቻ አይደለም። አዋጅ 410 በዋነኛነት የሚጠብቀው የኢትዮጵያውያንን፣ የኢትዮጵያ ነዋሪዎችንና መጀመሪያ እዚህ የታተሙ ሥራዎችን ነው። የውጭ ሥራ የሚጠበቀው ሀገሪቱ በገባችበት ዓለም አቀፍ ስምምነት ልክ ነው። ኢትዮጵያ የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት አባል የሆነችው በ1990 ዓ.ም. ቢሆንም አዋጁ ሲወጣም ሆነ ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት ዋናው የቅጂ መብት ውል ከሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ1886 ከተፈረመው የበርን ስምምነት ውጪ ቆይታለች።

ለዚህ የሚቀርበው መከራከሪያ ዋዛ አይደለም። መማሪያ መጽሐፍና ሶፍትዌር በውጭ ዋጋ እንግዛ ቢባል ዩኒቨርሲቲዎች ምን ይሆናሉ? ጥንቃቄው ለድሃ ሀገር ተገቢ ነው የሚሉ የሕግ ምሁራን አሉ። በሌላው ወገን ያሉት ደግሞ ሂሳቡ ሁለት ወገን እንዳለው ያስታውሳሉ። የውጭውን ሥራ የማንጠብቅ ከሆነ የእኛም ሥራ በውጭ ሀገር የሚጠበቅበት መሠረት ይሳሳል። ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭና ዱባይ የአማርኛ ዘፈን የሚደመጥባቸው ገበያዎች በሆኑበት ዘመን ይህ የሩቅ ጉዳይ አይደለም። በ1995 ዓ.ም. የቀረበው የዓለም ንግድ ድርጅት የአባልነት ማመልከቻም ወደዚያው ይገፋል፤ ድርጅቱ አባላቱ የበርን ስምምነትን ዋና ዋና ድንጋጌዎች እንዲፈጽሙ ይጠይቃልና።

ከፖሊስ ይልቅ ሒሳብ ሹም

የ1996ቱ አዋጅ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ሲሻሻል ከተጨመሩት ሐሳቦች ትልቁ እስር ላይ ያተኮረ አልነበረም። የጋራ አስተዳደር ማኅበር የሚባለው ነው። ሐሳቡ በሌላው ዓለም የቆየ ነው። አንድ ዜማ ደራሲ ሬዲዮ ጣቢያውን፣ ሆቴሉንና የምሽት ክበቡን ሁሉ እየዞረ ዘፈኔን አጫውታችኋልና ክፈሉኝ ሊል አይችልም። ማኅበሩ በሁሉም ስም ፈቃድ ይሰጣል፣ ክፍያ ይሰበስባል፣ ምን ያህል ጊዜ ምን እንደተደመጠ መዝግቦ ለባለ መብቶች ያከፋፍላል።

የኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች የጋራ አስተዳደር ማኅበር በዚህ መሠረት ተቋቋመ፤ ክፍያ የመሰብሰቡ ሥራ ግን ለዓመታት ተጓተተ። ምክንያቶቹ ተራ የሚመስሉ ናቸው። ታሪፉ ስንት ይሁን? ትንሹ ኤፍ ኤም ጣቢያና ትልቁ ሆቴል እኩል ይክፈሉ? የድሮ ካሴት ልባስ ላይ የግጥምና የዜማ ደራሲው ስም ሳይጻፍ የቀረበት ዘፈን ገቢ ለማን ይሰጥ? ድሮ አንድ ጊዜ ተከፍሎት፣ ያለ ጽሑፍ ውል፣ ግጥሙን የሸጠ ሰው ዛሬ ምን አለው? ጣቢያዎች በበኩላቸው እኛ አስተዋወቅንላቸው እንጂ ምን በደልናቸው ይላሉ። ሆቴሎችም ለሙዚቃ ክፈሉ ሲባሉ እንደ አዲስ ግብር ያዩታል።

ይህ ሥራ ካሜራ አይስብም። በእሳት የሚቃጠል የሲዲ ክምር የለውም። ነገር ግን ዲጂታሉ ዘመን የሚፈልገው አስከባሪ ይሄው ነው። ሬዲዮ ጣቢያ አድራሻ አለው፤ ሆቴል ፈቃድ ያሳድሳል፤ የቴሌኮም ኩባንያ የጥሪ ማሳመሪያ ሲሸጥ እያንዳንዱን ብር ይቆጥራል። ስም የለሹን ቀጂ ለማደን የሚወጣው ጉልበት ግማሹ አድራሻ ወዳላቸው ተጠቃሚዎች ቢዞር የሚገኘው ገንዘብ ይበልጣል።

ባለሙያዎቹ ራሳቸውም ወደዚህ አቅጣጫ ቀድመው ሞክረዋል። በ2011 ዓ.ም. ኤልያስ መልካ፣ ጆኒ ራጋና ኃይሌ ሩትስን የመሳሰሉ ሙዚቀኞች «አውታር» የተባለውን መተግበሪያ ይዘው ሲመጡ ሐሳባቸው ግልጽ ነበር፤ ሕጋዊው መንገድ ከሕገ ወጡ ካልቀለለ አድማጭ አይመጣም። ከዚያም ሰዋስውና ሌሎች ተከተሉ። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሲጀመር ጥቂት ብር በስልክ መክፈል የከተማ ሰው ልማድ እየሆነ መጣ። ለአንድ ዘፈን ባንክ ሄዶ ወረፋ የሚጠብቅ እንደሌለ ሁሉ፣ በጣት ንክኪ የሚከፈልን ትንሽ ብር የሚሰስት አድማጭም ብዙ አይደለም።

አንባቢውስ?

ስለ ቅጂ መብት ሲወራ አንባቢው ወይ ሌባ ተደርጎ ይከሰሳል ወይ ጨርሶ ይረሳል። ሁለቱም ስህተት ነው። የወረቀት ዋጋ በጨመረ ቁጥር መጽሐፍ ከተማሪ እጅ እየራቀ ሄዷል። ከትልልቅ ከተሞች ውጪ መጽሐፍ መደብር የሚባል ነገር ብርቅ ነው። ሪያድ ወይም ቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራ እህት ማታ ክፍሏ ገብታ የአማርኛ ልብ ወለድ ማንበብ ብትሻ የምታገኘው ያንኑ ፒዲኤፍ ነው። ልክፈል ብትል እንኳ የምትከፍልበት የለም። የሕጋዊ ሽያጭ እጦት የፈጠረውን አንባቢ በሌብነት ብቻ መክሰስ ገበያውን አይወልደውም።

ሕጉም ቢሆን በር ሁሉ አይዘጋም። ለግል መገልገያ የሚደረግ ቅጂን በተወሰነ መጠን ይፈቅዳል፤ ለማስተማርና ለመጥቀስም ቦታ ይሰጣል። ኢትዮጵያ በ2013 ዓ.ም. የማራካሽ ስምምነትን ስትቀላቀል ደግሞ ማየት ለተሳናቸው ሰዎች መጻሕፍትን በብሬይልና በድምፅ ማዘጋጀት ያለ ባለ መብቱ ፈቃድ የሚቻልበትን ዓለም አቀፍ ሥርዓት ተቀብላለች። የደራሲ መብትና የአንባቢ መብት በአንድ ሕግ ውስጥ አብረው እንደሚኖሩ ይህ ጥሩ ማሳያ ነው።

ደራሲያን ዘንድ ያለው አስተያየትም ወጥ አይደለም። አንዱ የቴሌግራም ፋይሉ ሁለተኛውን እትም ገደለብኝ ብሎ ያማርራል። ሌላው ስሜን ያስተዋወቀኝ ያ ፋይል ነው፣ ቀጣዩን መጽሐፌን ገዝተው ያነበቡ እዚያ ያወቁኝ ናቸው ይላል። ሁለቱም የሚስማሙበት ነጥብ ግን አለ፤ መስጠትና መነጠቅ አንድ አይደሉም። በነፃ ልስጥ ወይስ ልሽጥ የሚለውን መወሰን ያለበት ጸሐፊው ነው።

▪ የሚገዛበት በር ሳይከፈት የሚሰረቅበትን መስኮት መዝጋት አይቻልም። ▪

ጥረቱ በምን ይለካ?

እስካሁን የመንግሥት ሥራ ሲለካ የቆየው በተያዘ ዕቃ፣ በተከሰሰ ሰውና በተሰጠ ሥልጠና ነው። እነዚህ መቅረት የለባቸውም፤ በገፍ እያተመ የሚቸበችብ ሕገ ወጥ ማተሚያ ዛሬም አለና ብርበራውም ጽኑ እስራቱም ለእሱ ይገባል። ለፋይል ዘመን ግን ሌላ መለኪያ ያስፈልጋል። ብሮድካስተሮች ፈቃድ ሲያሳድሱ ያጫወቱትን ዝርዝር ማቅረብ አለባቸው ወይ? የባለሥልጣኑ መዝገብ የድሮ ዘፈኖችን ደራሲዎች እያጣራ ለሕዝብ ክፍት ያደርጋል ወይ? ወመዘክርና የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ከአሳታሚ ጋር ተዋውለው መጽሐፍ በስልክ ማዋስ ይችላሉ ወይ? የጋራ አስተዳደር ማኅበሩ ምን ሰብስቦ ለማን እንዳከፋፈለ በየዓመቱ ያሳውቃል ወይ?

ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ለመስጠት አዲስ የወንጀል አንቀጽ አያስፈልግም። ታሪፍ፣ መዝገብና ክትትል ይበቃል። አንድ ግጥም ጸሐፊ ዘፈኑ በሬዲዮ ስንት ጊዜ እንደተላለፈና ለዚያ ስንት ብር እንደደረሰው የሚያሳይ ወረቀት በየዓመቱ ከተቀበለ አዋጅ 410 ለእሱ በሥራ ላይ ውሏል ማለት ይቻላል። ወረቀቱ ካልመጣ ግን የ10 ዓመት እስራት የሚለው አንቀጽ ለእሱ የሚጨምርለት ቁራሽ የለም።